ፓራግላይዲንግ፦ ክንፉ ይቅደም ወይስ ትምህርቱ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። አውሮፓ ያለ ዘመዴ ያገለገለ የፓራግላይዲንግ ክንፍ በርካሽ አግኝቶ ሊልክልኝ ነው። ቪዲዮ እየተመለከትኩ እንጦጦ ላይ በራሴ ልለማመድ አስቤያለሁ። ከመጀመሬ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ? (ዳ.)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ዘመድዎን አመስግነው ግዢውን ለጊዜው እንዲያቆየው ቢነግሩት ይሻላል። የፓራግላይዲንግ ክንፍ አብራሪው በገመዶች ተንጠልጥሎ የሚበርበት፣ ብረትም እንጨትም የሌለው፣ በፊት ጠርዙ ባሉት ክፍት አፎች በሚገባው አየር ተነፍቶ ቅርጽ የሚይዝ ጨርቅ በመሆኑ፣ አየሩ ሲናወጥ አንድ ጎኑ ሊታጠፍ ይችላል። በአውሮፓ የደረጃ ምደባ “ኤ” የተሰጠው ክንፍ እንዲህ ሲታጠፍ በአመዛኙ ራሱ ተመልሶ ይዘረጋል፤ “ዲ” የተሰጠው ግን ፈጣንና ቁጡ ስለሆነ ለዓመታት ለበረረ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይሰጥም። ዘመድዎ የሚያየው ቀለሙንና ዋጋውን ነው። በዚያ ላይ ክንፉ ላይ የተጻፈው የክብደት ልክ የእርስዎን ኪሎ ብቻ ሳይሆን መቀመጫውን፣ ሄልሜቱንና መጠባበቂያ ፓራሹቱን ጨምሮ የሚታሰብ ነው። ፀሐይ የጎዳው ጨርቅ አየር ማሳለፍ ስለሚጀምርና የገመዶቹም ርዝመት ከጊዜ ብዛት ስለሚዛነፍ፣ ያገለገለ ክንፍ በባለሙያ ሳይመረመር አይበረርበትም።

ቪዲዮ ደግሞ ስህተትዎን አይቶ አያርምዎትም። በማሠልጠኛ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያልፉት መሬት ላይ ነው፤ ብዙ ተማሪዎች በዚህ ይሰላቻሉ፣ በእኛ እምነት ግን ከትምህርቱ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ክንፉ ከተማሪው ኋላ ሣር ላይ ይነጠፋል፤ ገመዶቹ ቋጠሮ ወይም ጭራሮ አለመያዛቸው ይታያል፤ ተማሪው ወደፊት ሲራመድ ክንፉ እየተነፋ ተነስቶ ከአናቱ በላይ ይደርሳል፤ በዚያች ቅጽበት ፍሬኑን፣ ማለትም በእጆቹ የያዛቸውን የክንፉን መቆጣጠሪያ ገመዶች፣ በልኩ ካልሳበ ክንፉ አልፎት ከፊቱ ይወድቃል። ቀና ብሎ ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱን ያያል፤ ከዚያ ወይ ይሮጣል ወይ ይተወዋል። እጅ ይህን ሳያስብ መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው አሠልጣኙ በሬዲዮ እየመራ ከትንሽ ኮረብታ የሚያስነሳው። አብራሪውን ከመቀመጫው ጋር የሚያያይዘውን የእግር ማሰሪያ ሳይቆልፉ ተነስተው የሞቱ፣ ልምድ የነበራቸው አብራሪዎች ስላሉ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ማሰሪያውን በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥ ግድ ነው።

እንጦጦን በተመለከተ፣ አናቱ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ያው ክንፍ በባሕር ዳርቻ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ እዚህ ወደ 42 ይጠጋል፤ ስለዚህ ለመነሳት ይበልጥ መሮጥ ያስፈልጋል፤ ሲያርፉም መሬቱ ፈጥኖ ይመጣል። ባሕር ዛፉና የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲጨመሩበት ለጀማሪ የሚሆን ቦታ አይደለም። ቦሌ አየር ማረፊያም ሩቅ ስላልሆነ፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ሳይጠይቁ ማንም ሰው ከዚያ መነሳት የለበትም። በቅርብ ያለው የታወቀ ቦታ ኬንያ ውስጥ፣ የሯጮቹ ከተማ ኢቴን አጠገብ ያለው የኬሪዮ ሸለቆ ነው፤ እዚያም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ከሸለቆው ሞቆ የሚነሳው አየር ኃይለኛ ስለሆነ ጀማሪ የሚበረው ጠዋት ወይም ወደ ማታ ነው። አስቀድመው ከአሠልጣኝ ጋር በአንድ ክንፍ ሁለት ሆነው ቢበሩ ነገሩ ይስማማዎት እንደሆነ በትንሽ ወጪ ያውቁታል።

ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ባለበት ቀን ግን ማንም አይነሳም። በፈረንጆች 2007 አውስትራሊያ ውስጥ ኤቫ ቪሽኒየርስካ የተባለች የጀርመን ቡድን ተወዳዳሪ እንዲህ ያለ ደመና ስቧት እስከ 9,946 ሜትር ከፍታ ወስዷታል፤ ራሷን ስታ፣ በረዶ ተጋግሮባት በሕይወት ወረደች፤ በዚያው ማዕበል የተያዘ ቻይናዊ አብራሪ ግን ሞቷል። እሷ ጀማሪ አልነበረችም።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል፣ ናታንያ ነው። ከባሕሩ ዳር ገደል ላይ ሰዎች ለረጅም ሰዓት ሲንሳፈፉ አያለሁ፤ በጣም ቀላል ይመስላል። እናቴ ግን “ምድር ጠበበሽ ወይ?” እያለች ትቆጣኛለች። ከፍታም ትንሽ እፈራለሁ። ልጀምር? (ሰ.)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ቀላል የሚመስለው በምክንያት ነው። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ የሚያደናቅፈው ነገር ሳያገኝ ይደርስና ገደሉን ሲመታ ለስልሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክንፉም በዚያ ላይ ይቆማል። ከታች ሆነው የማያዩት ግን ነፋሱ ከክንፉ ፍጥነት ሲበልጥ የሚሆነውን ነው፤ አብራሪው ወደፊት መሄድ ያቅተውና ከገደሉ ጫፍ በስተኋላ፣ ወደ ሕንፃዎቹ ይገፋል። እዚያ ያለው አየር፣ ወንዝ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ እንደሚሽከረከረው ሁሉ ይሽከረከራል፤ ክንፉንም ያጣጥፈዋል። ገደሉ ዝቅተኛ በመሆኑ መጠባበቂያ ፓራሹት ለመክፈት ጊዜ አይኖርም። ነፋሱ በድንገት ቢደክም ደግሞ ያለው ምርጫ ጠባቡ አሸዋ ወይም ባሕሩ ነው፤ ውኃ ላይ ማረፍ፣ ማዕበል ክንፉን ሲጎትት ገመድ በሰውነት ላይ ስለሚጠመጠም፣ ዋናተኛን ሳይቀር ያሰጥማል።

ስለዚህ የሚጀምሩት ከገደሉ ሳይሆን አሠልጣኝ ባለበት ልል ኮረብታ ነው። ፍርሃትዎ አያግድዎትም፤ በረንዳ ላይ የሚያዞራቸው ብዙ አብራሪዎች አየር ላይ ያ ስሜት እንደሚተዋቸው ይናገራሉ። እናትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱና አሠልጣኙን ፊት ለፊት ይጠይቁት፦ ክንፉ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው፣ መጠባበቂያው ተፈትቶ የታጠፈው መቼ ነው? መድኑ ተማሪውንም ይሸፍናል? ነፋሱ አልመች ብሎ የተሰረዘ ቀን ክፍያው ይመለሳል ወይስ ይተላለፋል? ለመጨረሻው ጥያቄ ፊቱን የሚያጨፈግግ አሠልጣኝ፣ ገንዘቡ እንዳይቀርበት ሲል በማይበረርበት ቀን ሊያስነሳዎት ስለሚችል፣ ሌላ ይፈልጉ።