መልስ፦ የጁራሲክ ጠረፍ ለምን በግንብ አይከለልም?

ጠያቂያችን፣ ባሕር እየናደው ያለው የእንግሊዝ የጁራሲክ ጠረፍ ለምን ከዳር እስከ ዳር በግንብ እንደማይከለል ጠይቀዋል። በዶርሴትና በምሥራቅ ዴቨን የሚገኘው ይህ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ጠረፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የ185 ሚሊዮን ዓመት የምድር ታሪክ በገደሎቹ ላይ ስለሚታይ ሲሆን፣ ገደሎቹ አፈርና ቁጥቋጦ ሳይሸፍናቸው እንዲቆዩ የሚያደርገው ራሱ መሸርሸሩ ነው፤ ግንብ ደግሞ ይህንኑ ያስቆመዋል። ላይም ሪጂስ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ አቅራቢያ የኖራ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ገደል በዝናብና በማዕበል ሲናድ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለሉ አሞናይቶች (የጠፉ የጥንት የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካሎች) ከጭቃው ወጥተው ዳርቻው ላይ ይወድቃሉ፤ የሚያነሣቸው ካልተገኘ ያው ማዕበል ይፈጫቸዋል። የቅሪተ አካል ሰብሳቢዋ ሜሪ አኒንግም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝነኛ ቅሪተ አካሎቿን ያገኘችው በእነዚሁ ገደሎች ነው። ሰው የሚኖርበት ቦታ ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ የላይም ሪጂስ ከተማ መከላከያ ግንብ ተሠርቶላታል፣ ይህም በእኔ እምነት ተገቢ ነው።