አሮጌውን የፒንቦል ማሽን የምመርጥበት ምክንያት

«የመጀመሪያ የፒንቦል ማሽኔን ልገዛ ነው፤ አዲሶቹ ስክሪንና ብዙ ዓይነት ጨዋታ እያላቸው አሮጌዎቹን የሚመርጡ ሰዎች ምን አይተውባቸው ነው?» ብለው ለጠየቁት የበኩሌን ልመልስ። ፒንቦል ማለት በመስታወት በተሸፈነ ዘንበል ያለ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ ዒላማዎችን እየመታች ነጥብ የምታስቆጥርበት ጨዋታ ነው። ሁለቱንም ለዓመታት ተጫውቻለሁ። ቤቴ የቀረው ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ አንድም የኮምፒውተር ሰሌዳ የሌለበት ማሽን ነው።

በመጀመሪያ የማነሣው ድምፁን ነው። በማሽኔ ሆድ ውስጥ ሦስት ጠፍጣፋ ብረቶች ተሰቅለዋል፤ ለአሥር ነጥብ አንዱ፣ ለመቶ ሌላው፣ ለሺህ ሦስተኛው ይመታል። ኳሷ ባለ 50 ነጥቡን ዒላማ ስትነካ ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር ይዞርና አሥር አሥሩን አምስት ጊዜ ይቆጥራል፤ ደወሉም አምስት ጊዜ ይጮኻል። ዓይኔን ከኳሷ ሳልነቅል ነጥቤን በጆሮዬ እከታተላለሁ። ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ሙዚቃ ይህን ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። አዲሶቹ ብዙውን ጊዜ ወደ 6.5 ዲግሪ ያዘነብላሉ፤ አሮጌዎቹ 3.5 ገደማ ይበቃቸዋል። ኳሷ ረጋ ብላ ስለምትወርድ ማሽኑን በመዳፍ ገፋ አድርጎ አቅጣጫዋን ለማስቀየር ጊዜ አለ። ፍሊፐር፣ ማለትም ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ኳሷን መልሶ ወደ ላይ የሚመታው ክንድ፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1947 የጎትሊብ ኩባንያ ባወጣው «ሀምፕቲ ደምፕቲ» ነው፤ ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ኳሷን የሚመራው በመነቅነቅ ብቻ ነበር። ያ ጥበብ በአሮጌዎቹ ላይ አሁንም ሕያው ነው። መነቅነቁ ከበዛ ደግሞ በማሽኑ ውስጥ በቀለበት መካከል የተንጠለጠለችው ክብደት ቀለበቱን ትነካና ጨዋታው ይቆማል።

አሮጌ ማሽን ግን ይበላሻል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ጠያቂውን እበድላለሁ። አንድ ጊዜ የእኔው ከ90 ወደ 100 መሻገር ሲገባው ወደ 00 ይመለስ ጀመር። ከፍቼ የአሥሩን ተሽከርካሪ ቁጥር በጣቴ እያዞርኩ አየሁት። 9 ላይ ሲደርስ አንዲት ስስ የመዳብ መገናኛ ትገጥማለች፤ ቀጣዩ ምት የመቶውንም ቁጥር አብሮ እንዲገፋ የምታደርገው እርሷ ናት። ጫፏ ጠቁሮ ነበር። በቀጭን ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ዳሰስኳትና 100 ወጣ። የዚያን ዕለት ደስታዬን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ቀድሞ በነበረኝ አዲስ ማሽን ግን ሰሌዳው ሲቃጠል ምትክ ከመጠበቅ በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

ረጅም ታሪክ ያለው፣ ብዙ ኳስ በአንድ ጊዜ የሚለቅ ጨዋታ ከወደዱ አዲሱን ይግዙ፤ በዚያ በኩል አሮጌው አይደርስበትም። አሮጌውን ከመረጡ ግን መስታወቱን አይተው ብቻ አይወስኑ፤ ሻጩ ሆዱን እንዲከፍትልዎ ይጠይቁ። የሽቦ ሥዕሉ ወረቀት አብሮት መኖሩን ይመልከቱ። የተቆረጡና በሌላ ቀለም ሽቦ የተቀጠሉ መስመሮች ከበዙበት፣ ቀለሙ ምንም ቢያምር ይተዉት።