ለእጮኛችሁ ሙሉ ልብስ ልትሰፉ ለተነሳችሁ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንዲት ወጣት አራት ኪሎ ሱቄ መጥታ «የእጮኛዬን የሠርግ ሙሉ ልብስ ራሴ ቤቴ ልስፋለት ብዬ ነው፤ አበድኩ እንዴ?» አለችኝ። አላበድሽም አልኳት። ፒያሳ ሳትፈርስ 30 ዓመት እዚያ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ስንቱን ሙሽራ አልብሻለሁ። መጀመሪያ ያበላሸሁት ግን የገዛ ባሌን ልብስ ነው።

ስለካው «ቀጥ በል» አልኩት። ደረቱን ነፍቶ እንደ ወታደር ቆመልኝ። ልብሱ ያለቀ ዕለት መስታወት ፊት አማረበት። ሲራመድ ግን ኮሌታው ከአንገቱ ይርቃል፣ ቀኝ ብብቱ ሥር ይጨማደዳል። ለካ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ ኖሯል። ስንት ጊዜ አብሬው ስሄድ ልብ አላልኩትም!

ስለዚህ ስትለኩት ወሬ አስጀምሩት። ሲያወራ እንደ ልማዱ ይቆማል። የሠርጉን ሸሚዝና ጫማ አድርጎ ይሁን። ከዚያ ውዱን ጨርቅ ሳትነኩ መጀመሪያ ለሙከራ በአቡጀዲ ቆርጣችሁ፣ ወስውሳችሁ አልብሱት። እዚያ ላይ በእርሳስ እንደፈለጋችሁ ሞነጫጭሩ። ብዙዎች «ሥራ ማብዛት ነው» ብለው ይዘሉታል፤ በኋላ ልብሱን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ።

መርካቶ ጨርቁን ስትገዙ፣ ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ ለኮትና ሱሪ 3.5 ሜትር ይበቃል። ባለ መስመር ከሆነ ጨምሩ፤ ለጀማሪ ግን ባይሆን ይሻላል። ንጹሕ ሱፍ ከሆነ ሳትቆርጡት እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱት። የሚኮማተረው ያኔ ይኮማተር።

ሰው የሚያለቅሰው እጅጌው ላይ ነው። የእጅጌው አናት ከሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ በጥቂት ሴንቲ ይበልጣል። ስህተት መስሏችሁ እንዳትቆርጡት! ትከሻው ላይ ክብ ሆኖ እንዲወድቅ የሚያደርገው ያ ትርፍ ነው። በእጅ ክር በስሱ ሰብስቡት፣ በእንፋሎት አስተኙት፣ አልብሳችሁ እዩት። መኪናው በመጨረሻ ይደርሳል። ደረቱ ላይ በካውያ የሚለጠፈውን ጨርቅ ስታደርጉም ካውያውን አትጎትቱት፤ እያነሳችሁ ተጫኑት። መብራት ልትጠፋ ነው ብላችሁ ከተቻኮላችሁ ውሎ አድሮ ይላቀቃል፣ ኮቱም አረፋ ያወጣል።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ከቀረው ሱሪውን ብቻ ስፉ፤ ኮቱን ለባለሙያ ስጡ። ምንም አያሳፍርም።

አንድ ልርሳ ስል ትዝ አለኝ፦ ጎንና ጎኑ ስፌት ላይ 3 ሴንቲ ትርፍ ተዉ። ሙሽራ ይወፍራል። የእኔን ሁለት ጊዜ አስፍቼለታለሁ።