ሱቅ ማዘመንና ትርፍ፦ ከወሎ ነጋዴዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስሌቱ ለሁሉም እንዲገባ አንድ የምሳሌ ሱቅ እንያዝ። የወር ሽያጭ 300,000 ብር፣ የተሸጠው ዕቃ መግዣ 255,000፣ ኪራይ፣ ደመወዝና ሌላው ወጪ 30,000፣ የተጣራ ትርፍ 15,000። ሱቅና መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ 510,000 ብር ነው።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ኮምፒውተር፣ የዕቃ ኮድ የሚያነብ ስካነርና ሽያጭና ክምችት የሚመዘግብ ሶፍትዌር አስገባን። ሽያጩ ያው ነው፣ ትርፉ ግን ቀነሰ። ከስረናል ማለት ነው?

መልስ፦ አብሽሩ፣ መጀመሪያ ላይ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። መሣሪያው 90,000 ብር ፈጅቶ ለ3 ዓመት ቢከፋፈል በወር 2,500 ብር ወጪ ይጨምራል፤ ትርፉ 12,500 ይሆናል። ከ100 ብር ሽያጭ መግዣው ተቀንሶ የሚቀረው 15 ብር ስለሆነ፣ ይህን በሽያጭ ብቻ ለመመለስ በወር ወደ 16,700 ብር ተጨማሪ መሸጥ ያስፈልጋል። ስካነር ደግሞ ገዢ አይጠራም። ጥቅሙን ጉድለት ላይ ፈልጉት። በወር የ6,000 ብር ዕቃ የሚጠፋ፣ የሚበላሽ ወይም ሳይመዘገብ የሚወጣ ከሆነና በግማሽ ቢቀንስ፣ የመሣሪያውን ወጪ ሸፍኖ 500 ብር ይተርፋል። ከማስገባታችሁ በፊት የነበረውን ጉድለት ካልቆጠራችሁ ግን ለውጡን መለካት አትችሉም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ክምችት መቀነስ እንዴት ገንዘብ ይሆናል?

መልስ፦ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው። 510,000 ለ255,000 ሲካፈል የ2 ወር ዕቃ ተቀምጧል፤ በዓመት 6 ጊዜ ይዞራል፣ ማለትም ተሸጦ ይተካል። ወደ 340,000 ቢወርድ የ40 ቀን ዕቃ ሆኖ 9 ጊዜ ይዞራል፣ 170,000 ብርም ይለቀቃል። ይህ ገንዘብ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ለውጡ አልሠራም ብሎ ይተወዋል።

በ60 ቀን ውስጥ ያልተነካውን ዕቃ ዝርዝር አውጡ፣ በመግዣውም ቢሆን ሽጡት፣ እንደገና አትዘዙት። ዘይትና ስኳር ላይ ግን አትቁረጡ፤ ዘይት ያጣ ደንበኛ ሳሙናውንም ከጎረቤት ሱቅ ይገዛል።

ለወሎ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ሶፍትዌሩ ትእዛዝ የሚጠቁመው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል፣ ዐቢይ ጾምም ቀኑ ይለዋወጣል። በወር ብቻ ካያችሁ ቴምሩ ከዒድ በኋላ፣ እንቁላሉ ደግሞ በጾም ይደርሳችኋል። ሽያጩን «ረመዳን»፣ «ጾም»፣ «ፋሲካ ሳምንት» እያላችሁ ለይታችሁ መዝግቡ።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ ሶፍትዌሩ ሳሙና «-14» አለ ይላል። ከዜሮ በታች ዕቃ አለ እንዴ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሲገዛ «1 ካርቶን» ተብሎ ገብቶ ሲሸጥ በፍሬ ስለሚወጣ ነው። ሁሉንም በትንሹ መሸጫ መጠን መዝግቡ፤ ባለ 24 ካርቶን 24 ፍሬ ሆኖ ይግባ። ከዚያ አንዱ ዕቃ በሁለት ስም፣ «ዘይት 3 ሊትር» እና «ዘይት ባለ 3» ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ። የግዢ ደረሰኝ ሳይገባ መሸጥም ይህንኑ ያመጣል። 50 ኪሎ የስኳር ከረጢት በግማሽ ኪሎ ሲመዘን ድፍን 100 አይወጣውም፤ ልዩነቱን በጉድለት መደብ ጻፉት እንጂ በግምት አታስተካክሉት። በየምሽቱ ብዙ የሚሸጡ 10 ዕቃዎችን ብቻ መቁጠር ይበቃል፤ ሙሉ ቆጠራ በወር አንዴ፣ ሱቁ ተዘግቶ።

ጥያቄ (ባቲ)፦ ሰኞ ገበያ ላይ ዋጋ 5 በመቶ ብቀንስ ያዋጣል?

መልስ፦ በ85 የተገዛው ከ100 ወደ 95 ሲወርድ ትርፉ ከ15 ወደ 10 ብር ይወርዳል። በፊት 1,000 ፍሬ ይሸጡ ከነበረ ያንኑ ትርፍ ለማግኘት 1,500 መሸጥ አለብዎት። ሰው ዋጋውን በቃሉ በሚያውቀው ሁለት ሦስት ዕቃ ላይ ብቻ ይሞክሩት።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ መዝገቡ ትርፍ ያሳያል፣ መደርደሪያው ግን እየሳሳ ነው። ለምን?

መልስ፦ በድሮ መግዣ ዋጋ እያሰቡ ስለሚሸጡ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ይህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ጎልቷል። በ85 ገዝተው በ100 ሸጡ፣ መተኪያው፣ ማለትም ያንኑ ዕቃ አሁን መልሶ መግዣው፣ 98 ከሆነ የቀረዎት 2 ብር ነው። መሸጫውን በመተኪያ ዋጋ ይተምኑ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ በቴሌብር ተከፍሏል ተብሎ ገንዘቡ ሳይገባ ቀረ።

መልስ፦ በደንበኛው ስልክ ላይ የሚታይ መልእክት ክፍያ አይደለም። ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ በሱቁ ሒሳብ መግባቱን እዩ፤ ማታም የቴሌብሩን ድምር ከሽያጩ ጋር አመሳክሩ።