«ዘንጉ ተሳቢው ላይ ወረደ» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ፋብሪካና መጋዘን በር አውቶማቲክ ማገጃ፣ በተለምዶ ባሪየር ስለምንለው፣ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

ሲኖትራክ ከነተሳቢው ሲገባ የፊተኛው አለፈና ዘንጉ ተሳቢው ላይ ወረደ። ጥበቃው «ሪሞቱን አልነካሁም» ይላል፤ ሹፌሩ አላመነውም። ጥፋቱ የማን ነው? (የመጋዘን ኃላፊ፣ ቃሊቲ)

አስታርቋቸው፤ ጥፋቱ ያለው አስፋልቱ ሥር ይመስለኛል። ዘንጉ ከሚያርፍበት መስመር በታች ሉፕ የሚባል የሽቦ ጥቅል ተቀብሯል። ከላዩ ብረት ሲቆም ያውቃል፤ ብረቱ ሲሄድ «መኪናው አለፈ» ብሎ ዘንጉን ያወርዳል። ችግሩ ሉፕ የሚያውቀው ቅርቡ ያለውን ብረት ብቻ መሆኑ ነው። የቤት መኪና ሆዱ ለመሬት ስለሚቀርብ አይስተውም። የጭነት መኪና ሻንሲ ግን ከፍ ይላል። በመኪናውና በተሳቢው መካከል ደግሞ ከማያያዣው ብረት በቀር ባዶ ነው። ሉፑ የሚታለለው እዚያ ላይ ነው።

ፎቶሴል አስጨምሩ። ግራና ቀኝ ትይዩ ይቆማል፤ በመካከሉ ያለው ጨረር እስከተቋረጠ ድረስ ዘንጉ አይወርድም። አንዱን በማያያዣው ብረት ቁመት፣ ሌላውን ከፍ አድርጋችሁ ብትተክሉ ክፍተቱም አያታልለውም። ከዚያ በፊት ግን የሉፑን መቆጣጠሪያ ሣጥን አስፈትሹ። ብዙዎቹ መኪና አንዴ ካወቁ በኋላ ንቃታቸውን የሚጨምር ማብሪያ አላቸው። የተሠራው ለተሳቢ ነው፤ በርቶ ያገኘሁት ግን ጥቂት ቦታ ነው።

መብራት ሲጠፋ ጥበቃው ዘንጉን በጉልበት ገፍቶ ያነሳዋል። ጉዳት አለው? (ዱከም)

አለው፤ ማርሹን ሊሰብረው ይችላል። መጀመሪያ የባሪየሩን ማብሪያ አጥፉ፣ አለበለዚያ መብራቱ ድንገት ሲመጣ ዘንጉ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ከዚያ የባሪየሩ ሣጥን ላይ መፍቻ ቁልፉን አስገብታችሁ ሞተሩን ከዘንጉ አላቁት። የዘንጉን ክብደት ሞላው (ስፕሪንጉ) ስለሚሸከመው በአንድ እጅ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ሞላው መስተካከል አለበት ማለት ነው፤ ለባለሙያ ተዉት። ቁልፉ ደግሞ ጥበቃ ቤት ይቀመጥ። አንድ ፋብሪካ ተጠርቼ ስሄድ ቁልፉ የሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጥቷል። መኪኖቹ እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፈው ነበር።

ባሪየር ከተከልን ጥበቃ መቀነስ እንችላለን?

አትችሉም። ዘንጉ ብዙ ጊዜ ቀላል አልሙኒየም ነው፤ በፍጥነት የመጣ መኪና አያቆምም። ተከታትሎ የሚገባውን ሁለተኛ መኪናም፣ ከወረቀቱ የሚበልጠውን ጭነትም የሚያየው ሰው ነው።

ሠራተኞቻችን በዘንጉ ሥር ጎንበስ ብለው ያልፋሉ።

ይህን ዛሬውኑ አስቁሙ። ሉፕ ሰው አያውቅም፤ ዘንጉ ጭንቅላት ላይ ሊወርድ ይችላል። ከጎን ለእግረኛ የምትሆን ትንሽ የብረት በር አሠሩ። ብየዳ ቤት ብዙ ቀን አይፈጅባትም።