የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ሪሲቨር» ስንል የዲሹን ማለታችን አይደለም

ባለፈው እትም ስለ ሰፊ ባንድ ሬዲዮ ሁለት አንቀጽ ብጽፍ የጎንደር ልጆች በጥያቄ አጣደፋችሁኝ። ደግ ነው። አንዱማ ፒያሳ ወርዶ «ሪሲቨር አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ የዲሽ ሪሲቨር አውጥተው፣ ሪሞቱን አስይዘው ዋጋ ሊነግሩት ጀመሩ። እኛ የምናወራው ከመካከለኛው ሞገድ ተነስቶ አውሮፕላን እስከሚነጋገርበትና ከዚያም በላይ በአንድ ሳጥን ስለሚሰማ ሬዲዮ ነው። መስማት ብቻ ነው፣ ማውራት የለም። በሉ ወደ ደብዳቤዎቹ።

«ሰላም ጋሼ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ አይኮም አር 8500 የሚባል ያገለገለ ሬዲዮ አመጣልኝ። ከ0.1 እስከ 2000 ሜጋኸርዝ ይይዛል። ሃያ ሜትር ሽቦ ጣሪያው ላይ ዘርግቼ ከኋላው ሰካሁት። ኤፍ ኤሙ ቤቱን ያናውጠዋል፣ አጭር ሞገድ ላይ ግን ሽሽሽ ብቻ ነው። የአያቴ አሮጌ ትራንዚስተር እንኳ ይበልጠዋል። ተበላሽቶ ነው የመጣው? — ከአራዳ»

ቆይ፣ አጎትህን ገና አትቀየመው።

መጀመሪያ የሬዲዮውን ጀርባ አዙረህ እይ። ይኼ ሬዲዮ የአንቴና መግቢያው አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። ኤን የሚባለው መሰኪያ ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ላለው ብቻ ነው። ከ30 በታች ላለው፣ ማለትም ለአጭርና ለመካከለኛ ሞገድ፣ ሌሎች ሁለት አሉ፦ አንዱ የኬብል ጫፍ የሚጠመዘዝበት ባለ 50 ኦም፣ ሌላው የድሮ ቴፕና ቪዲዮ ማጫወቻ ጀርባ ላይ የምናውቀውን ክብ ቀዳዳ የሚመስል ባለ 500 ኦም። ለባዶ ረጅም ሽቦ የሚስማማው ይኼ ሁለተኛው ነው። ኤፍ ኤሙ እየጮኸ አጭር ሞገዱ ድዳ የሆነብህ ሽቦህን ኤኑ ላይ ስለሰካኸው ይመስለኛል።

ሽቦውን «ጣሪያው ላይ ዘርግቼ» ያልከው ደግሞ አሳሰበኝ። ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ከሆነ አንቴና አልሠራህም፣ ልብስ ነው ያሰጣኸው። ቆርቆሮ ብረት ነው። ሽቦው ተጣብቆበት ከተኛ ሊሰማ የሚገባውን አብዛኛውን ያጣል። አንዱን ጫፍ ከቤቱ ማዕዘን፣ ሌላውን ግቢ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ እሰር፣ ከጣሪያው ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ይበል። ጫፎቹ ላይ ከጀሪካን እጀታ የተቆረጠ ፕላስቲክ አስገባ፣ ይበቃል። የመብራት ሽቦ ባለበት አካባቢ ግን በላዩም በታቹም እንዳታሳልፍ፣ ቢበጠስ የሚወድቅበትን አስበህ ነው የምትዘረጋው።

ይኼን ሁሉ አድርገህም ጥዝዝ የሚል ነገር ካልለቀቀህ ችግሩ ሬዲዮው ሳይሆን ቤትህ ነው። እኔ በአንድ ወቅት ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስክተኛ ድረስ 31 ሜትር ባንድ (ከ9400 እስከ 9900 ኪሎኸርዝ ያለው የአጭር ሞገድ ክፍል) ላይ ንብ የሰፈረ የሚመስል ድምፅ ይመጣብኝ ነበር። ሳምንት ሙሉ አንቴናውን ሳወርድ ሳወጣ፣ ኬብል ስቀይር፣ ጎረቤቶቼን በልቤ ስረግም ቆየሁ። ለካ ራስጌዬ ያለው የስልክ ቻርጀር ኖሯል! ርካሽ ቻርጀርና ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖል ውስጣቸው ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ የሚሠራ ሰርኪዩት አለ፣ እሱ ራሱን የቻለ ትንሽ ማሰራጫ ነው። የአያትህ ትራንዚስተር ደህና የሚሰማው ምናልባት በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራና መስኮት ላይ ስለሚቀመጥ ነው።

ለዚህ ደግሞ ጎንደር ላይ በነጻ የሚገኝ መመርመሪያ አለን፦ መብራት ሲጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ሻማና ባትሪ ሲፈልግ እኔ ወደ ሬዲዮዬ ነው የምሮጠው። ያንተው ሬዲዮ በ13.8 ቮልት ዲሲ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ደህና የመኪና ባትሪ ያንቀሳቅሰዋል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን እንዳታቀያይር ብቻ። መብራት የጠፋ ማታ ከ9400 እስከ 9900 ኪሎኸርዝ ቀስ እያልክ ሂድ። ቀን ሽሽ ብቻ የነበረው ቦታ ላይ አረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ስዋሂሊ፣ ፈረንሳይኛ ይደረደርልሃል። መብራቱ ሲመጣ ጥዝዙ አብሮ ከመጣ ጥፋተኛው ሰፈሩ ውስጥ ነው። ያኔ የቤትህን ቆጣሪ አጥፍተህ ሬዲዮውን በባትሪ ስማ። ከጠፋ ካንተ ቤት ነው፣ ካልጠፋ ከጎረቤት ነውና ቡና ይዘህ ሂድ።

ሌላም ልጨምር፣ ኤፍ ኤሙ ቤቱን ያናውጠዋል ስላልክ። ሰፊ ባንድ ሬዲዮ ሁሉን የሚሰማ በመሆኑ ቅርብ ያለ ኃይለኛ ጣቢያ ሊያጨናንቀው ይችላል። አንድ የከተማ ኤፍ ኤም መኖር በማይገባው ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቅ ካለብህ ጣቢያው እዚያ የለም፣ ሬዲዮህ ውስጥ የተፈጠረ ጥላ ነው። አቴኑዌተር የሚባለውን ቁልፍ ተጫን፣ ከአንቴናው የሚገባውን ሲግናል በ10፣ በ20 ወይም በ30 ዴሲቤል (የሲግናል መለኪያ ነው) ይቀንስልሃል። ጥላው ይጠፋል፣ እውነተኛው ደከም ብሎም ቢሆን ይቀራል።

«እኔ የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪ ነኝ። ለጠረጴዛ ሬዲዮ ገንዘብ የለኝም። ላፕቶፕ ላይ የምትሰካዋ ትንሿ ነገር ትሠራለች ወይስ ማጭበርበር ነው? ወይስ በእጅ የሚያዘው ይሻለኛል?»

ትሠራለች የኔ እህት። አር ቲ ኤል ኤስ ዲ አር ነው የምትባለው። መጀመሪያ ለዲጂታል ቴሌቪዥን ነበር የተሠራችው። በ2012 እ.ኤ.አ. ነው ነገሩን የሚያውቁ ልጆች ጥሬውን ሲግናል ወደ ኮምፒውተር እንደምትልክ ደርሰውበት ርካሽ ሬዲዮ ያደረጓት። ብዙዎቹ ከ24 እስከ 1766 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሰማሉ። ለአጭር ሞገድ ግን ወይ አጭር ሞገዱን እሷ ወደምትሰማው ፍሪኩዌንሲ የሚያነሳ መቀየሪያ ታክያለሽ፣ ወይ አጭር ሞገድን በቀጥታ የምትቀበለዋን ትፈልጊያለሽ፣ ሲገዙ ይኼን መጠየቅ የሚረሳ ብዙ ነው። ደስ የሚለው ጣቢያዎቹን በዓይን ማየትሽ ነው፣ ስክሪኑ ላይ እንደ ፏፏቴ ይወርዱልሻል። ደስ የማይለው በኃይለኛ ጣቢያ ቶሎ መጨናነቋ ነው፣ ሳጥን ሬዲዮ የሚችለውን አትችልም። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪና በባትሪው ስሚ፣ ከላይ ለአራዳው ልጅ ያልኩት ቻርጀር እዚህም አይምርም።

በእጅ የሚያዘውን በተመለከተ፣ ኤስ ኤስ ቢ የሚባለውን የንግግር አላላክ ይቀበላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። አይኮም አር 6 ለምሳሌ በሁለት ድንጋይ የሚሠራ፣ እስከ 1300 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ግሩም ነገር ነው፣ ግን ያለው ኤ ኤምና ኤፍ ኤም ብቻ ነው። አማተር ሬዲዮኞች፣ ማለትም ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ በ7 እና በ14 ሜጋኸርዝ የሚያወሩት በአብዛኛው በኤስ ኤስ ቢ ስለሆነ በእሱ ብትሰሚያቸው አፍንጫውን ይዞ የሚያጉረመርም ሰው ነው የሚመስልሽ። የሀገራችን የአማተሮች መለያ በኢ ቲ ነው የሚጀምረው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው፣ በጆሮሽ ብትይዢው ጻፊልኝ፣ እቀናለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የጣቢያዎቹ ሰዓት ሁሉ በዩቲሲ ነው የሚጻፈው፣ ግራ ገባኝ። ደግሞ በጥቅምት ያገኘሁት ጣቢያ ወሩ ሳያልቅ ጠፋብኝ።»

አብሮ ይስጥልኝ አባቴ። ዩቲሲ ማለት የዓለም የጋራ ሰዓት ነው፣ ወደ እኛ መለወጡም ቀላል ነው፦ ከተጻፈው ላይ 3 ይቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀንሱ። የተጻፈው ከ0 እስከ 3 ከሆነ ግን መጀመሪያ 12 ይደምሩበት። 18 ሰዓት ካለ 15፣ ከዚያ 3፣ ማለትም ከምሽቱ 3 ሰዓት። 6 ሰዓት ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ከፈረንጁ የሰዓት አቆጣጠር ይልቅ የእኛው ለዚህ ይቀላል፣ እኔስ ይኼን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ጣቢያው አልሞተም፣ ተዛውሮ ነው። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢትና ጥቅምት ላይ ፍሪኩዌንሲ ይቀያይራሉ። ያው ፕሮግራም በሌላ ቁጥር ላይ ስለሚኖር በዚያው ሰዓት ጎረቤት ባንዶቹን ይፈትሹ። ማታ ከሆነ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች፣ ቀን ከሆነ ከዚያ በላይ ይጀምሩ። ቀን ፀሐይ ከላይ ያለውን አየር ስለምትለውጠው ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ይዋጣል።

«ፖሊስ መስማት ይቻላል?»

አይቻልም ብለህ ያዘው፣ አትሞክርም። ለሕዝብ ያልተላከ ንግግር መጥለፍ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብም የተከለከለ ነው፣ ደግሞ በዚህ ጊዜ በዚህ ከተማ ጣሪያ ላይ አዲስ ሽቦ ማየት ብቻውን ሰው ያስጠይቃል። ለሕዝብ የሚተላለፉ ጣቢያዎችንና አማተሮችን ስማ፣ ይበቃሃል። ሬዲዮ ከውጭ ልታስመጣ ከሆነ ገንዘብህን ሳትከፍል በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ስፔክትረምን (የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲዎችን) እና መሣሪያ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ጎረቤቶችህንም ጥራና አሰማቸው። የኔን አንቴና በጥርጣሬ ያዩት የነበሩት እማማ አሁን «ዛሬ የት አገር ነው?» እያሉ ነው የሚገቡት።

«ክረምት ሲመጣ አንቴናውን ላውርደው? — ከአዘዞ»

ማውረድ አያስፈልግም፣ መንቀል ነው። ሬዲዮውን ማጥፋት አይበቃም። መብረቅ ሽቦውን ባይመታው እንኳ አጠገቡ ከወደቀ የሚፈጥረው ቮልቴጅ በአንቴናው ይገባና መጀመሪያ ያገኘውን ትራንዚስተር ያቃጥለዋል። ደመናው ሲጠቁር ከኋላው ንቀልና ጫፉን ከመስኮት ውጭ ጣለው፣ ጠረጴዛው ላይ አትተወው። አምና ሐምሌ ላይ ሰማዩ ገና ሳያጉረመርም «አሁን እመለሳለሁ» ብዬ ለቡና ጎረቤት ገባሁ። ሦስተኛው ሳይቀዳ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ሬዲዮዬ አሁንም ሲከፈት ፊቱ ይበራል፣ ቁጥሩም ይቀያየራል፣ ግን ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ምንም አይሰማም።