መልስ፦ በጾም ሮጬ 4 ኪሎ ቀነስኩ፣ ቦርጬ ግን አልሄደም

ቦርጭህ ያልጠፋው ሩጫ ስላነሰህ አይደለም። በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለት ወር ሮጠህ 4 ኪሎ ቀንሰሃል፤ ግን ክንዴም ከሳ ብለሃል። ከስቡ ጋር ጡንቻህም እየሄደ ነው። ሩጫውን ቀነስ አድርግ፣ ፕሮቲን ጨምር፣ ክብደት አንሳ።

1. ማዕዱ ላይ ምስሩና ሽሮው ይብዛ፣ እንጀራው ይቀነስ። 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። የገብስ ቆሎ ጥሩ ነው፤ ግን በእፍኝ ለክተህ ብላ። ወሬ ይዞህ ስትቆረጥም ሳህኑ ሳታስበው ያልቃል።

2. በሳምንት 3 ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽ አፕና ጄሪካን ማንሳት። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በግማሽ ጀምር፣ ጀርባህን አታጉብጥ። 12 ጊዜ ማንሳት ሲቀልህ ውሃ ጨምርበት።

የሆድን ስብ ብቻ መርጦ የሚያቀልጥ ስፖርት የለም፤ ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ መነሳት) ላይ ጊዜህን አትፍጅ።

አደራ የምልህ፣ ጾምህን ሳትፈታ ክብደት አታንሳ። ባለፈው ሁዳዴ 8 ሰዓት ላይ ስኳት ስሠራ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ግድግዳ ባልይዝ ወድቄ ነበር። አሁን የምሠራው ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ስኳር ወይም ግፊት ካለብህ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም አማክር።